ጥቁር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ



ከዓመታት በፊት ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋር ሆነን ለአንዲት እህት መርዶ ልንነግር ተነሣን። ወንድሟ በሰው አገር ነበር ያረፈው። እንደ ወጉ ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሯን ልናንኳኳ፣ ጎረቤቶቿም አስቀድመው ሰምተው እንዲጠብቁን ተስማምተን አደርን። ስንደርስ በሩ ክፍት ነበር። እህታችን መሬት ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። የወንድሟን ፎቶ ከነሻማው ፌስቡክ ላይ ካየችው ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ቀና ብላ አየችንና «ፓስተር፣ ማታ ስደውልልዎት ትንሽ አሞታል ነው ያሉኝ» አለችን። እውነቷን ነው። እንዲህ ያልናት እኛ ነን፤ ያልነውም እርሱ ካረፈ በኋላ ነው።

ክፋት ኖሮብን አልነበረም። አባቶቻችን መርዶን በአንድ ጊዜ አይጥሉትም። መጀመሪያ «አሞታል» ይባላል፣ ቀጥሎ «ጠንቶበታል» ይባላል፣ ከዚያ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ይገባሉ። ሰው ልቡን እንዲያዘጋጅ ነው። የዚያች እህት ንግግር ግን ውስጣችን ቀረ። ዘንድሮ የወንጌል ተልእኮ ታሪክን ለወጣቶች ስናስተምር ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፉ የአንድ ቤተ ሰብ ደብዳቤዎችን እንደ ገና አነበብን። አንደኛው ላይ ስንደርስ ያ ማለዳ ተመልሶ መጣብን።

ቤተ ሰቡ የአዶኒራም ጀድሰን ነው። ብዙዎቻችሁ ጀድሰንን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ በርማ ቋንቋ የተረጐመ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ አድርጋችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ትርጕሙ አይደለም። ወሬ በመርከብ በሚሄድበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ልደታቸውንና ሞታቸውን ውቅያኖስ ማዶ ላሉ ዘመዶቻቸው እንዴት ይነግሩ እንደ ነበረ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። በ1810 ጀድሰን በማሳቹሴትስ ግዛት ብራድፎርድ በምትባል ከተማ ለሚኖሩት ለአቶ ጆን ሃሰልታይን ጽፎ ልጃቸውን አንን ለጋብቻ ጠየቀ። ደብዳቤው የሚያባብል ቃል የለበትም። ከልጃቸው ሊለዩና በዚህ ዓለም ዳግመኛ ላያዩአት ይፈቅዱ እንደ ሆነ፣ የባሕሩንና የሙቀት አገሩን አደጋ፣ ምናልባትም በሰው እጅ መሞቷን ይቀበሉ እንደ ሆነ ፊት ለፊት ጠየቃቸው። ሽማግሌ የላከ ሳይሆን መርዶውን አስቀድሞ የላከ ይመስላል። አባት ውሳኔውን ለልጃቸው ተዉት። አን እሺ አለች። በ1812 ፌብሩዋሪ 5 ቀን ተጋቡ፤ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን፣ ካራቫን በተባለች መርከብ ከሳሌም ወደብ ተነሡ። ካልካታ የደረሱት ጁን 17 ቀን ነው። አራት ወር መሆኑ ነው። አንዲት ወረቀትም የምትሄደው በዚያው መርከብ፣ በዚያው ነፋስ ነው፤ ለመልሱ ደግሞ ሌላ አራት ወር ያስፈልጋል። መርከብ እስኪገኝ የሚጠበቀው ጊዜ ሲጨመርበት አንድ ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው ከዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤው ራሱ ፖስታ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ወረቀቱ ታጥፎ፣ አድራሻው በጀርባው ተጽፎ፣ በቀለጠ ሰም ይታተማል። ሰሙ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። በቤቱ ሞት ሲኖር ግን ጥቁር ሰም ይደረግበታል። እንግዲህ ተቀባዩ ገና ሳይከፍተው አንድ ሰው መሞቱን ያውቃል፤ ማን እንደ ሞተ ግን አያውቅም። ይህችን ነገር ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ከጀድሰኖች ጋር በአንድ መርከብ የሄዱ ሌሎች ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሳሙኤልና ሃሪየት ኒውል። ሃሪየት ከብራድፎርድ ወንዝ ማዶ ካለችው ከሄቨርሂል ናት፤ ከአን ጋር አብረው የተማሩ ባልንጀሮች ነበሩ። ስትነሣ ገና 18 ዓመቷ ነው። ሕንድን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ሚስዮናውያኑ እንዲቆዩ አልፈቀደም፤ ስለዚህ ኒውሎች ቀድመው ዛሬ ሞሪሸስ ወደምትባለው ደሴት ሄዱ። በጕዞው ላይ ሃሪየት ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ በአምስተኛው ቀን ሞተች። እናቲቱም በ1812 ኖቬምበር 30 ቀን በ19 ዓመቷ በዚያች ደሴት ዐረፈች። ጀድሰኖች ይህን ሁሉ ሳያውቁ በጃንዋሪ 1813 እዚያው ደረሱ። አን ባልንጀራዬን አገኛለሁ ብላ ነበር፤ የተቀበላት መርዶ ነው።

ሳሙኤል ኒውል ለሃሪየት እናት መጻፍ ነበረበት። በዚያ ዓመት አሜሪካና እንግሊዝ ጦርነት ስለ ገጠሙ ወደ አሜሪካ በቀጥታ የሚሄድ መርከብ አልተገኘም፤ ደብዳቤው በእንግሊዝ አገር በኩል ዞሮ መሄድ ነበረበት። እስቲ አስቡት፤ የእናት መርዶ በጠላት አገር ወደብ አልፎ ሲመጣ። በ1814 የሃሪየት የሕይወት ታሪክ ከደብዳቤዎቿና ከዕለት ማስታወሻዋ ጋር በመጽሐፍ ታተመ፤ ብዙዎችም አንብበውት ለተልእኮ ተነሡ። እኛ ግን ስናነበው አንዳንድ ጊዜ እንሸማቀቃለን። ለእናቷ ብቻ የጻፈችው ነገር በሺህ ሰው እጅ ገብቷል። የሰውን ኀዘን አደባባይ ማውጣት በፌስቡክ የተጀመረ አይደለም።

በነገራችን ላይ የሚስዮናውያን ደብዳቤ በዚያ ዘመን የአንድ ቤት ንብረት አልነበረም። ዘመድ ካነበበው በኋላ ለጎረቤት ያነበዋል፤ ሚስዮናውያኑን የላከው ማኅበር በመጽሔቱ ያትመዋል። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ተልእኮ ለመጸለይ ይሰበሰቡ ነበርና በዚያ ጉባኤም ይነበባል። ዛሬ የጸሎት ርእስ በቴሌግራም እንደሚላክ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እነዚያ ሰዎች የሚጸልዩት ከብዙ ወራት በፊት ስለ ነበረ ሁኔታ ነው። የታመመው ድኖ ሊሆን ይችላል፤ ሞቶም ሊሆን ይችላል።

ጀድሰኖች በ1813 ጁላይ 13 ቀን ራንጉን ገቡ። የመጀመሪያ ልጃቸው በመንገድ ላይ ሞቶ ተወልዶ ነበር። በ1815 ሴፕቴምበር ሮጀር የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። አን ወደ ብራድፎርድ ስትጽፍ የደስታው ወሬ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ መገመት እንችላለን፤ በዚያ ከተማ ቋንቋዋን የሚናገር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላልና ልጁ ባልንጀራዋም ነበር። ልጁ በስምንተኛ ወሩ፣ በ1816 ሜይ 4 ቀን ሞተ። በሦስተኛው ቀን ለወላጆቿ ጻፈች። ባለፈው ደብዳቤዋ ጊዜ ቀጣዩ ይህን ይይዛል ብላ እንዳላሰበች ነግራ ትጀምርና ስለ ልጁ ዐይን፣ አባቱ ሲያጠና አጠገቡ ተኝቶ እንዴት እንደሚያየው ትተርካለች። አያቶቹ አይተውት አያውቁምና መልኩን በቃል መሳል ነበረባት። ሞቱን የያዘው ደብዳቤ ባሕር ላይ ሳለ ብራድፎርድ ያሉት አያቶች ስለ ልጁ ጤና ያመሰግኑ ነበር።

ከዚያም የዝምታው ዘመን መጣ። በ1824 በእንግሊዝና በበርማ መካከል ጦርነት ተነሣ። ጁን 8 ቀን ጀድሰን በነጋሢው ከተማ በአቫ በሰላይነት ተጠርጥሮ ታሰረ፤ ዐሥራ ሰባት ወር በእግር ብረት ቆየ። አን በየቀኑ ለባለ ሥልጣናት እየለመነች፣ ምግብ እያመላለሰች፣ በመካከሉ በጃንዋሪ 1825 ማርያ የምትባል ሴት ልጅ ወልዳ ታቅፋ እየተንከራተተች አሳለፈችው። አሜሪካ ያሉት ዘመዶች በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቁም ነበር። ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በ1826 ሜይ 26 ቀን፣ አን ለባሏ ወንድም ለሐኪሙ ለኤልናታን ጀድሰን ረጅም ደብዳቤ ጻፈች። ስለ አቫው እስር በየመጽሐፉ የምታነቡት ታሪክ አብዛኛው የተወሰደው ከዚህ ነው። ታሪክ ጸሓፊ ልሁን ብላ አልጻፈችውም፤ ለአማቷ ወሬ ስትነግር ነው።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ብቻ ኖረች። ቤተ ሰቡ እንግሊዞች ወደ መሠረቷት ወደ አምኸርስት ተዛወረ። ጀድሰን ግን በአዲሱ ውል ውስጥ የሃይማኖት ነጻነት እንዲገባ ተስፋ አድርጎ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር ወደ አቫ ተመለሰ። ተስፋው አልተሳካም። እዚያው ሳለ፣ በ1826 ኖቬምበር 24 ቀን፣ አንድ ሰው ጥቁር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጥቶ ሰጠው። ሲሰጠውም ልጁ ማርያ መሞቷን ሲነግረው እንዳዘነ ገለጸለት።

ጀድሰን ወደ ክፍሉ ገባ። ስለ ሕፃኗ እያዘነ፣ እናቲቱ ግን ስለ ቀረችለት እያመሰገነ ማኅተሙን ከፈተ። ደብዳቤው የተጻፈው ስለ ሕፃኗ አልነበረም። አን ኦክቶበር 24 ቀን፣ ልክ ከአንድ ወር በፊት፣ በ36 ዓመቷ በንዳድ ዐርፋ ነበር።

ያንን ማለዳ የመለሰብን ይህ ነው። ጀድሰን በኋላ ሲጽፍ፣ ሰውየው እንዲህ ያለው ተሳስቶ ይሁን ወይም ልቡን ቀስ አድርጎ ሊያዘጋጅለት አስቦ አላውቅም ይላል። አልከሰሰውም፤ አላመሰገነውምም። እኛ ደጋግመን ስናነበው የተሰማን ነገር ቢኖር፣ ያ ሰው ለጥቂት ደቂቃ የሰጠው «ትንሹ» ኀዘን ትልቁን እንዳላቀለለው ነው። እንዲያውም ጀድሰን ስለ ሚስቱ ሕይወት ምስጋና ባቀረበበት አፉ ነው ሞቷን ያነበበው። በሁለተኛ ሳሙኤል 18 ላይ አኪማአስ ወደ ዳዊት ቀድሞ ሮጠ፤ ስለ አቤሴሎም ሲጠየቅ ግን ሁከት አይቻለሁ፣ ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም ብሎ ሸሸ። ንጉሡም ፈቀቅ በል አለው። እውነቱን የተናገረው ከኋላ የደረሰው ኩሻዊው ነው፤ እርሱም ቢሆን በጨዋ ቃል ነው የተናገረው። እኛ ከዚያ ማለዳ ወዲህ ለሞተ ሰው «አሞታል» ማለትን ትተናል። የጉባኤያችን አንዳንድ ሽማግሌዎች በዚህ አይስማሙንም፤ ወጉ ጥበብ አለው ይላሉ። ጥበብ አለው። ውሸቱ ግን ውሸት ነው፤ ሌሊት መጥቶ፣ አብሮ ተቀምጦ፣ አብሮ ማልቀስ ያለ ውሸቱም ይቻላል።

አሁን ጀድሰን ራሱ መርዶ ነጋሪ መሆን ነበረበት። ዲሴምበር 7 ቀን ከአቫ ለአን እናት ጻፈ። ደብዳቤው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ቢሆንም የሚያመው የእናት ልብ ስለ ሆነ ለእርሳቸው እንደሚያደርገው ይናገራል። ይህ ሳይደርሳቸው መርዶውን ከሌላ ሰምተው እንደሚሆን ያውቃል። ስለዚህ የሚሰጣቸው ወሬውን ሳይሆን ዝርዝሩን ነው፤ እርሱንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያየ ጊዜ ከፋፍሎ። እዚህ ላይ የአባቶቻችን «ቀስ በቀስ» ሌላ መልክ ይዞ ታየን። ሞቱን አልደበቀም፤ ማጽናኛውን ግን በየጊዜው ጨመረ።

በጃንዋሪ 1827 መጨረሻ አምኸርስት ሲደርስ በርማውያኑ ክርስቲያኖች እያለቀሱ ተቀበሉት። ማርያ አባቷን አላወቀችውም፤ ፈርታ ፊቷን አዞረችበት። በፌብሩዋሪ 4 ቀን ለአማቱ እንደ ገና ጻፈ። ሐኪሙን ጠይቋል፤ አልጋዋ አጠገብ የነበሩትን ክርስቲያኖች ጠይቋል። ስንት ቀን እንደ ታመመች፣ ምን እንዳለች፣ የአቫው መከራ ሰውነቷን እንዳደከመው፣ የት ዛፍ ሥር እንደ ተቀበረች አንድ በአንድ ነገራቸው። ባለቤቷ እንደ ዘገየባት፣ ብቻዋን ልትሞትና ሕፃኗን ልትተው እንደ ሆነ፣ ይህም የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ እንደምትቀበል መናገሯንም አልሸሸገም። ሰው ይህን ለራሱ አማት መጻፍ ምን ያህል ይከብደዋል! የቀረው እርሱ ነውና።

እኛም ያንን አደረግን፤ ዘግይተን ቢሆንም። ለዚያች እህት ወንድሟ ሲያርፍ አጠገቡ የነበሩትን ፈልገን ደወልንላቸው፤ የነገሩንን ሁሉ፣ ምን በልቶ እንደ ነበር ሳይቀር፣ ተቀምጠን አወራናት። ያንን ሦስት ጊዜ አስደግማናለች።

ማርያ በ1827 ኤፕሪል 24 ቀን ሞተች፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነበር። ጀድሰን ለአያቷ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ደግሞ ደብዳቤ ከወዲያ መጣ፤ አባቱ ማሳቹሴትስ ውስጥ ካረፉ ወራት አልፈው ነበር። የሞቱት ባለፈው ኖቬምበር፣ እርሱ በአቫ ስለ አን በሚያለቅስበት ወቅት ነው። ስለ አንዱ ሲያለቅስ ሌላውም ሄዶ ነበር፤ አላወቀም እንጂ።

ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ አፍሮዲጡ የጻፈውን (ምዕራፍ 2) ከዚህ በኋላ ስናነብ ሌላ ነገር ሆነብን። አፍሮዲጡ ታመመ፤ ወሬው ሮም ሄደ አይባልም፣ ከእስር ቤቱ ወጥቶ ወደ ፊልጵስዩስ ነው የሄደው። እነርሱ እንደ ሰሙ ደግሞ ወሬው ተመልሶ ወደ እርሱ መጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እርሱ ድኖ ነበር። የተጨነቀው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ሕመሙ መስማታቸው ነው። ጳውሎስም ሌላ ወረቀት ብቻ አልላከም፤ ሰውየውን ራሱን ላከላቸው።

ጀድሰኖች ሰውየውን ራሱን መላክ የቻሉት ጥቂት ጊዜ ነው። ጀድሰን በ1834 ሳራ ቦርድማን የምትባል የሚስዮናዊ መበለት አገባ፤ እርሷም በዚያ ዓመት የስድስት ዓመት ልጇን ለትምህርትና ለጤናው ወደ አሜሪካ ላከች። በ1845 ሳራ ታመመችና ሦስቱን ትልልቅ ልጆች ይዘው፣ ሦስቱን ትንንሾች ሞልሜን ላይ ለወዳጆች ትተው ለአሜሪካ ተሳፈሩ። ሳራ ሴፕቴምበር 1 ቀን በሴንት ሄሌና ደሴት ወደብ ዐረፈች። ያላወቀችው ነገር አለ። ከተዉአቸው ትንንሾች አንዱ፣ ቻርልስ፣ ኦገስት 5 ቀን ሞልሜን ላይ ሞቶ ነበር። አባትየው ይህን የሰማው አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። እናቲቱ ልጇ በሕይወት እንዳለ እያሰበች ሄደች። ከተተዉት ሌላው፣ ኤድዋርድ፣ አድጎ የአባቱን የሕይወት ታሪክ ጻፈ።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከቦች ፖስታን በግብፅ በኩል፣ በቀይ ባሕር፣ የየመኗን ዓደን እየነኩ ወደ ሕንድ ያመላልሱ ነበር፤ በደጃችን ማለት ነው። ከለንደን ሕንድ ወራት የሚፈጀው ወደ ሳምንታት ወርዶ ነበር። ለጀድሰን ሦስተኛ ሚስት ለኤሚሊ ግን ይህ አልጠቀማትም። በኤፕሪል 1850 ጀድሰን በጠና ታሞ ሐኪሞች የባሕር ጕዞ ስላዘዙለት አሪስቲድ ማሪ በምትባል የፈረንሳይ የሸራ መርከብ ሄደ። ኤሚሊ እርጉዝ ነበረችና ሞልሜን ቀረች። ኤፕሪል 12 ቀን መርከቡ ላይ ዐረፈ፤ በዚያው ምሽት ባሕር ውስጥ ተቀበረ። በዐሥረኛው ቀን ኤሚሊ የወለደችው ወንድ ልጅ ሞተ። እርሷም ሜይን፣ ጁንን፣ ጁላይን ባሌ ተሽሎት ይሆን እያለች ጠበቀች። መርከቢቱ ስትሄድ ነበርና ወሬው ከሩቅ ደሴት ዞሮ፣ በካልካታ በኩል፣ ወደ ኦገስት መጨረሻ ደረሳት።

ፕሊመዝ ከተማ የጀድሰን እህት አቢጌል ነበረች። ኤሚሊ በዚያው ወር ጻፈችላት፤ መርዶውን ብቻ፤ ከዚያ በላይ አልቻለችም። ሴፕቴምበር 20 ቀን እንደ ገና ቁጭ አለች። በመርከቢቱ ላይ አብሮት የነበረውን ወንድም፣ ከዚያም አገልጋዩን ምን እንዳለ፣ ምን እንደ ጠየቀ፣ እንዴት እንደ ነበረ ጠይቃ ያገኘችውን ሰብስባ፣ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ያወሩትንም ጨምራ፣ ለእህቱ ብዙ ገጽ ጻፈችላት።